ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስላለማድረግ

ልጄን ያስተማርኳት በፍቅር ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ያስተማርኳት በእልህ ነው። አንዲት ሴት ሰው ፊት አንገቷን ስትደፋ ለማየት ብዬ ነው ፊደል ያስቆጠርኳት። ሴትየዋ እዚሁ ሶዶ ውስጥ የአንድ የግል ኬጂ ዳይሬክተር ናት። ስሟን አልጠራም፤ አንዴ ከጠራሁት አፌ አይመለስልኝም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጄን ወለድኳት እንጂ አላሳደግኋትም። አባቷ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ገና ትድህ ነበር። እኔ ሶዶ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ፣ የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ስጀምር ገሱባ አካባቢ ለምትኖረው እናቴ ሰጠኋት። አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አያቷን እናቴ ስትል እኔን በስሜ ትጠራኝ ነበር። በዚያ በተቦረቦረ መንገድ ወር ጠብቃ ሳሙናና ብስኩት ይዛ የምትመጣ ታላቅ እህት ነበርኩ ለእሷ። እናቴ በድንገት ስታርፍ ከለቅሶው ቤት ልጅቷን ይዤ ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

የአምስት ዓመት ልጅ ያላት ጀማሪ እናት አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔ ነበርኩ። ፀጉሯን ሳበጥራት ትጮሃለች። የምሠራላትን አትበላም። ስታለቅስ ምን እንደጎደላት አላውቅም፣ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚገባ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን ቀን ሌላ ሰው ይያዝልኝ ብዬም ነው።

ኬጂው «ኢንተርቪው አለ» አለኝ። ለአምስት ዓመት ልጅ ኢንተርቪው! አዲስ ቀሚስ አልብሼ፣ ፊቷን ቫዝሊን ቀብቼ ወሰድኳት። ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ሥዕሎች ደረደረች። ልጄ ያኔ ከወላይትኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ዳይሬክተሯም የወላይታ ልጅ ናት፤ ቤቷ ስትገባ የምታወራው እሱኑ ነው፤ በግቢዋ ውስጥ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። በአማርኛ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ልጄ ትሽኮረመማለች። ኳስ ታየች፣ ዝም። ባቡር ታየ፣ ዝም። ባቡርስ እኔም በሥዕል ነው የማውቀው።

ከዚያ አንድ የሙዝ ተክል ሥዕል መጣ። ከነቅጠሉ ቆሟል፤ ፍሬው ጥግ ላይ ተሸሽጎ ካላጤኑት አይታይም። የልጄ ፊት በራ። «ኡታ!» ብላ ጮኸች። ኡታ በኛ ቋንቋ እንሰት ነው። ከአያቷ ጓሮ ስትወጣ ስትገባ የምታየው፣ የትኛው ለዘንድሮ፣ የትኛው ለሚቀጥለው ዓመት እንደሆነ ሳይቀር የምታውቀው ተክል ነበር። ዛሬም ያንን ሥዕል ገሱባ ወስጄ ባሳይ እንሰት የማይለው ሰው የለም። ጸሐፊዋ ሳቀች። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ወላጆች አንገታቸውን አስግገው አዩን።

ዳይሬክተሯ ሥዕሎቿን ሰበሰበችና፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ «ይቺ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረችም። እንሰት መፋቅ አስተምሪያት» አለችኝ።

አፍ ሲዳጥ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእሷ አፍ ግን የዳጠው አልነበረም፤ ተዝናንታ ነው የተናገረችው። እኔ ልጄን እጇን ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ያሉት ወላጆች መንገድ ለቀቁልን፤ ሰው ለበሽተኛ እንደሚለቀው።

በዚያ ቀን የረዳኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ የተባለውን አልሰማችም። ጸሐፊዋ ስትስቅ የወደደቻት መስሏት እየሳቀች ነበር የወጣችው። አስፋልቱን ስንሻገር «ምን አለችሽ?» አለችኝ በወላይትኛ። «ጎበዝ ናት አለች» አልኳት። ያንን ውሸት ከአፌ ስትቀበለኝ፣ ይህቺ ልጅ እውነቱን እድሜዋን ሙሉ አታውቅም ብዬ ማልኩ። ሌላው መሐላዬ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሱቄ ስደርስ አንድ ወረቀት አወጣሁ። በማርከር፣ በትልልቁ፣ የተባለውን ቃል በቃል ጻፍኩት። የወረቀትና የቶነር ቁም ሳጥኔን ከፍቼ በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ጠዋት ጠዋት ወረቀት ላወጣ ስከፍት እንዳነበው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን የተወጋም ይረሳል ብዬ ፈራሁ። ኑሮ ያስረሳል። ሰላምታ ያስረሳል። እኔ መርሳት አልፈለግኩም።

ዕቅዴም ያኔውኑ ተወለደ። ልጄን የትም አላስገባም። ዓመቱን ሙሉ እኔው አስተምራታለሁ። በሚቀጥለው ምዝገባ ቀን፣ ግቢው በወላጅ ሲሞላ፣ እጇን ይዤ በሩ ላይ አቆማትና የዳይሬክተሯን የራሷን የምዝገባ ማስታወቂያ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ከዚያ ፈገግ ብዬ ዞሬ እሄዳለሁ። ይህንን ትዕይንት በልቤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ምን እንደምለብስ ሳይቀር አውቅ ነበር።

ማስተማር ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። መምህር አይደለሁም፤ ትዕግሥት ደግሞ ከእናቴ ወገን አልደረሰኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ከሀ እስከ ፐ ላስጨርሳት ተነሳሁ። ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁና የተሳሳተችውን ሁሉ በኤክስ አደማሁት። በሁለተኛው ሳምንት ከዚያ የባሰ ጥፋት አጠፋሁ። ችግሩ ወላይትኛው ነው ብዬ ደመደምኩና ከነገ ጀምሮ ከአማርኛ በቀር አላወራሽም አልኳት። ውሃ ስትጠይቀኝ «በአማርኛ» እላታለሁ። ማታ አልብሺኝ ብላ ስትጠጋኝም «በአማርኛ»። ዳይሬክተሯን ለመበቀል ብዬ የዳይሬክተሯን ግቢ ቤቴ ውስጥ ተከልኩት፤ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ልጅቷ መናገር አቆመች። በአማርኛም በወላይትኛም። አንድ ቀን «ሸ» ማለት አቅቷት ጠረጴዛውን በመዳፌ ስመታው ከወንበሯ ሳትወርድ ልብሷ ላይ ሸናች። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብታ አያቷን «እናቴ» እያለች እየጠራች አለቀሰች።

ሱቁን ያከራዩኝ ሴትዮ ከጓሮ ልቅሶውን ሰምተው መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ገበያ ላይ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ልጄን ከጠረጴዛው ሥር አወጡና እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው እኔን በአማርኛ ተቆጡኝ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።

«ምን አደረግኸው ልጁን? አንተ እናት ነህ ወይስ ፖሊስ ነህ?»

«ላስተምራት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እንዲህ ነው የሚያስተምር? እናቱ ትናንት ነው የሞተው። መጀመሪያ ቋንቋውን መልስለት።»

መለስኩላት። ያንን ቀን ሙሉ በወላይትኛ ብቻ አወራኋት፤ ማታ የበቆሎና የጎመን ኩርኩፋ ሠራሁላት፤ ሁለት ሳህን በላች። ቀዩን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ቀበርኩት። በነጋታው ግን ቁም ሳጥኑን ስከፍት ወረቀቷ እዚያው አለች፤ አንብቤያት ልቤን አጠነከርኩ። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩ እንጂ ዕቅዴን አልተውኩም።

ትምህርታችን መንገድ የያዘው በመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ኮፒው ይቆማል፣ ተሰልፎ የነበረው ሰው ይበተናል፣ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። መብራት ስለ ማይጠፋበት ቀን ማውራት ይቀላል። ያኔ ልጄን አጠገቤ አስቀምጥና የተበላሹትን ወረቀቶች እንዘረጋለን። ኮፒ ቤት ውስጥ የተበላሸ ወረቀት አይጣልም፤ ተጣሞ የወጣ፣ ቶነር የዘለለው፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ሁሉ ጀርባው ንጹሕ ነው። «ተበላሽቶ የወጣ ወረቀት የአንቺ ነው» ብዬ ሕግ አወጣሁላት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ወረቀት ባኘከ ቁጥር እኔ ስሳደብ እሷ ታጨበጭባለች።

ጀርባው ላይ ትጽፋለች፤ ፊቱን ደግሞ ማንበብ ጀመረች። እኔ ዘንድ የሚመጣው ወረቀት ምን እንደሆነ ገምቱ። ማመልከቻ ነው። ከገሱባ፣ ከቦምቤ፣ ከዲምቱ ሰው ጉዳይ ይዞ ወደ ዞኑ ይመጣል፤ እኔ ጋ ያጽፋል፤ ኮፒ ያስነሳል። ስለዚህ ልጄ መጀመሪያ ለይታ ያነበበችው ቃል «አበበ» ወይም «በሶ» አይደለም። «ጉዳዩ» ነው። የሁሉም ወረቀት ግንባር ላይ ከሥሩ ተሰምሮበት ይገኛል። ሁለተኛው «እጠይቃለሁ» ነው። ረጅም ቃል ነው ብዬ ብገረም፣ ስንቴ አይቼዋለሁ አለችኝ።

አንድ ቀን ታይፕ ሳደርግ ከጎኔ አንድ የተጣመመ ወረቀት ጣል አደረገችልኝ። በስሜ ነው የተጻፈው፤ ያኔም በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ጉዳዩ፦ ብስኩት ስለመጠየቅ። ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው ርቦኛል። ከሰላምታ ጋር። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ደንበኛው ፊት ተንከተከትኩ። ብስኩቱንም ሁለት ፓኮ ፈቀድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ያለ ማመልከቻ የሚሠራ ነገር ጠፋ። ፀጉር አለመበጠርን በተመለከተ፣ የጎረቤት ድመት ስለማሳደር፣ ዳጣ እንዳይበዛብኝ ስለማሳሰብ። የፈቀድኩትን «ተፈቅዷል» ብዬ እፈርምበታለሁ፤ የከለከልኩትን ደግሞ ይግባኝ ትላለች።

ዳይሬክተሯስ? አትጠይቁኝ እንጂ ደንበኛዬ ነበረች። በሰፈሩ ደህና ኮፒ የሚያነሳው የኔ ማሽን ብቻ ስለሆነ ፈተናውንም ደብዳቤውንም እኔው ጋ ታመጣለች። መልኬን እንኳ አላወቀችውም! «እነዚህን ቶሎ አንሺልኝ» ትለኛለች፣ እኔ «እሺ፣ ይቀመጡ» እላታለሁ፣ አንቱታዬ በረዶ ነው። ማሽኑ ቢበርድም «ግሏል፣ ትንሽ ይረፍ» እላለሁ። ከእሷ ኋላ የመጣውን አስቀድማለሁ። ወረቀቷን ለዓይን በማይታይ ልክ አጣምሜ አስገባና ጽሑፏ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ይወጣል። አንድ ቀን ያንን የሙዝ ሥዕል ራሱን ኮፒ ልታስነሳ አመጣችው። በጥቁርና በነጭ ሲወጣ ጥግ ላይ ያለችው ፍሬ ጨርሳ ጠፍታ ለይቶለት እንሰት ሆኖ ቁጭ አለ። ሁሉንም ቆጥሬ ሰጠኋት። ያንን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

ጥፋቴን ሁሉ ካወጣሁ አይቀር ይህንንም ልናገር። የኬጂዋ የዓመቱ ፈተና ሲነሳ የተበላሹት ቅጂዎች ወደ ልጄ እጅ ገቡ። ልጆቹ ተፈትነው እስኪጨርሱ ጠብቄ ነው፣ እዚህ ላይ ሕሊናዬን አዳመጥኩ። መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት ልጄ ቁጭ ብላ ሠራችው። ቅንጣት አልሳተችም። ያንን ወረቀት ፋይል ውስጥ አስገባሁ። አዎ፣ ፋይል ነበረኝ፤ እንደ ክስ መዝገብ ማስረጃ እየሰበሰብኩ ነበር።

ልጄ ማንበብ ስትጀምር የቁም ሳጥኑን ወረቀት ማንሳት ነበረብኝ። አልጠፋኝም። ነገ አነሳዋለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ስከፍት አነበውና ደሜ ይሞቃል፤ ለዛሬ ይቆይ እላለሁ። ቁም ሳጥኑን መክፈት ለእሷ ክልክል ነው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ምን ይመጣል? ቂሜን ከልጄ አስበልጬ እንደቆለፍኩበት ያኔ አልታየኝም።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ሆነ። ጊፋታ ሲቃረብ በወላይታ ምድር ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ያላስታረቀ ሽማግሌም ይወቀሳል። እማማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዳይሬክተሯ ሰላምታ እንደማልሰጥ ከታዘቡ ቆይተዋል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ሁለት ጊዜ ነካክተውኛል። እኔ ግን የምዝገባው ቀን ነገ ነው፤ ልብሴ ተተኩሷል፤ ማን ሊያስታርቀኝ?

በዋዜማው ረፋድ ላይ ዳይሬክተሯ የምዝገባ ማስታወቂያዋን ልታስነሳ መጣች። ነገ ልጄ የምታነብባት ማስታወቂያ ራሷ ናት፤ ደስ እያለኝ ወደ ማሽኑ አስገባኋት። እማማ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያዩን ጌታ ያዘጋጀው ቀን መሰላቸው።

«ጊፋታ መጣ አይደለም እንዴ? እናንተ ሁለታችሁ ቂም ይዛችሁ ነው ልትሻገሩ? ምንድን ነው ያጣላችሁ?»

ዳይሬክተሯ ግራ ተጋባች። «ከማን ጋር፣ እማማ? እኔ ከማንም አልተጣላሁም። እቺን ልጅ ኮፒ ስታነሳልኝ ነው የማውቃት።» ወደ እኔ ዞረች። «ምን አድርጌሻለሁ?»

አልዋሸችም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማነበው ቃል እሷ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ክዳ ቢሆን ኖሮ እታገሣት ነበር፤ መርሳቷን ግን አልቻልኩም።

«ረስተውታል? እኔ በጽሑፍ አለኝ!» አልኩና ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ቁም ሳጥኑን በረገድኩት።

ልጄን ረሳኋት። ከጠረጴዛው ጎን፣ እግሬ ሥር፣ ተጣሞ የወጣ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ስትጽፍ ነበር። ለእሷ በዓለም ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እንድታነበው የተጻፈ ነው። ቀና ብላ አየች፣ ብድግ አለች፣ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ፊት ስታነብ የምታወጣውን ያንን ቀጭን ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«ይቺ… ልጅ… ለትምህርት… አልተፈጠረችም። እንሰት… መፋቅ… አስተምሪያት።»

አንድም አልሳተችም። ዞር ብላ «ጎበዝ» እንድንላት ጠበቀች።

የዳይሬክተሯን ፊት አየሁ። መጀመሪያ ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ ልጄን፣ ከዚያ እኔን፤ ከንፈሯ ደረቀ። ትዝ አላት። ልደብቃችሁ? ጣፈጠኝ። ዓመት የጠበቅኩት ፊት ያ ነበር፤ እንዲያውም ካሰብኩት በላይ ነው፤ የራሷን ቃል ከልጄ አፍ ሰማችው። አንድ ትንፋሽ ያህል በደስታ ሰከርኩ።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለች ልጄ።

ልጄ ወረቀቱን ጠጋ ብላ ደግማ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ወረደ።

«ያንቺ ጽሑፍ ነው» አለችኝ በወላይትኛ። «ለ ስትጽፊ እግሩን ታስረዝሚዋለሽ።»

ጣቴን ብቻ መዘርጋት ነበረብኝ። «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ያለችው» ብል እማማ ይፈርዱልኛል፣ ወሬው እስከ እሑድ ምእመኑን ሁሉ ያዳርሳል፣ ዳይሬክተሯም ነገ ግቢዋ ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። ግን «ስለ ማን ነው ያለችው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ዳይሬክተሯ ዘንድ ለመድረስ ጣቴ በልጄ በኩል ማለፍ ነበረበት። የሌላ ሰው ቃል ነው እንዳልል ደግሞ በእጄ የጻፍኩት፣ በእጄ የለጠፍኩት፣ ዓመቱን ሙሉ ቆልፌ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

«ማንም አይደለችም» አልኳት። «ተበላሽቶ የወጣ ወረቀት ነው።»

«ተበላሽቶ?»

«አዎ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አሰበችበት። ከዚያ በሕጉ መሠረት «እንግዲያው የኔ ነው» አለችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ልጣ ወሰደችው። ገልብጣ፣ ጀርባው ንጹሕ መሆኑን አይታ፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ «ነገ አምጫት፤ ያለ ኢንተርቪው እመዘግባታለሁ» አለችኝ። እማማ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም የእርቅ ሽታ ሸቷቸው «በሉ፣ ተጨባበጡ፣ በጌታ!» አሉ። ዳይሬክተሯ እጇን ዘረጋች። እኔ የተዘረጋው እጅ ላይ ማስታወቂያዎቿን አስቀመጥኩላት። «ሌላ ትምህርት ቤት ተመዝግባለች፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። አልተመዘገበችም ነበር፤ በነጋታው ወስጄ መንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገብኳትና ቃሌን እውነት አደረግኩት። የተተኮሰውን ልብስም ለዚያ ለበስኩት።

ይቅር ብያታለሁ? አላልኩም። እማማ እስከ ዛሬ ይህንን ይወቅሱኛል። ዳይሬክተሯ አሁንም ትመጣለች፣ አሁን «እርስዎ» ትለኛለች፣ ማሽኑ አሁንም እሷ ስትመጣ ይግላል። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም።

ያን ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ልጄ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እንደ ወጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መልስ እስክሰጥ ቆመች። አንብቤው ተቀመጥኩ።

ለእማዬ
ጉዳዩ፦ እንሰት መፋቅ ስለመማር
ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው አያቴ ስታድጊ አስተምርሻለሁ ብላኝ ነበር። አሁን አድጌያለሁ። ስለዚህ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር

አያቷን አያት፣ እኔን እማዬ ብላ ስትለየን ያ የመጀመሪያዋ ነበር። የጻፈችው በዚያው ከቁም ሳጥኑ በላጠችው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ገልብጬ ፊቱን ማየት ፈራሁ። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንደ እሾህ የተሸከምኩት ቃል እሷን አልወጋትም፤ ለእሷ እንሰት መፋቅ አያቷ ትልልቅ ሴቶች መሐል ተቀምጣ የምትሠራው፣ ልጅ የማይነካው፣ የተከበረ ሥራ ነው። ስድብ ያደረግነው ዳይሬክተሯና እኔ ነን። ሱቅ ውስጥ ቆጮ ስንበላ ሰው ከገባ ሳህኑን ከጠረጴዛ ሥር የምሸሽገው እኔ ነበርኩ። እንሰት መፋቅ ደግሞ አልችልም፤ እናቴ «አንቺ ተማሪ ነሽ» እያለች መፋቂያውን አታስነካኝም ነበር። «ተፈቅዷል» ብዬ ፈረምኩ።

ጊፋታ እንዳለፈ ገሱባ አክስቴ ጓሮ ወረድን። አክስቴ ሳንቃውን አጋድማ፣ እግሯን አንስታ ግንዱን በተረከዟ ሳንቃው ላይ አጥብቃ ይዛ እንዴት እንደሚፋቅ አሳየችን። መጀመሪያ እኔ ልሞክር አልኩ፣ ልጄን ላስተምር ብዬ። እግሬ ይንሸራተታል፣ የቀርከሃው መፋቂያ ከእጄ ያመልጣል፣ የምፍቀው መሬት ላይ ይዘራል፣ ቀሚሴ በሙሉ ራሰ። አክስቴ አጠገቧ ለነበሩት ሴቶች በወላይትኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ይቺ ልጅ ለእንሰት አልተፈጠረችም፤ ወደ ወረቀቷ መልሷት» አለች። ጓሮው በሳቅ ተናወጠ።

ልጄ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶና የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ተጠጋችኝ።

«ልጻፈው?» አለችኝ።

«አትጻፊው» አልኳት።

እስክሪብቶውን መልሳ ኪሷ ከተተችና መፋቂያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።